ለአነስተኛ የእንግዳ ማረፊያ የማዕድ ቤት ዕቃዎች አመራረጥ፦ የኤሌክትሪክ መስመር አቅምና የእንግዳ ደኅንነት በቢሾፍቱ ማሳያነት

መግቢያ

ከአዲስ አበባ በደቡብ ምሥራቅ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ቢሾፍቱ በሐይቆቿ ዙሪያ እንግዳ የምታስተናግድ ከተማ ናት። ከትልልቆቹ ሪዞርቶች ጎን ለጎን፣ ቤተሰብ ለሁለትና ለሦስት ቀን የሚከራያቸው፣ አንድ ወይም ሁለት መኝታ ክፍልና ጠባብ ማዕድ ቤት ያላቸው የግል ማረፊያዎችም ይገኛሉ። እንዲህ ያለውን ቤት የሚያደራጅ ሰው ዕቃ የሚመርጠው በአብዛኛው በዋጋ፣ በመልክና በብዛት ነው። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም መመዘኛ መኖሩን ማሳየት ነው፤ ይኸውም ቤቱን የማያውቅ ሰው ሁሉንም ዕቃ በአንድ ጊዜ ቢያበራ አደጋ የማይደርስ መሆኑ ነው።

ነዋሪ የሚያውቀው፣ እንግዳ የማያውቀው

መኖሪያ ቤትና የኪራይ ማረፊያ በአንድ ዓይነት ሽቦ ቢሠሩም አጠቃቀማቸው ይለያያል። በመኖሪያ ቤት የመስመሩ ድክመት በልማድ ይሸፈናል። የቤቱ እመቤት ምጣድ ስትጥድ የውሃ ማሞቂያውን ታጠፋለች፤ የትኛው ሶኬት እንደሚግልም ታውቃለች። ይህ ዕውቀት በየትም አልተጻፈም፤ ከነዋሪው ጋር ይኖራል። እንግዳ ግን ይህ ዕውቀት የለውም። ዓርብ ማታ ደርሶ እሑድ ከሰዓት የሚመለስ ሰው የቤቱን ጠባይ የሚማርበት ጊዜም አያገኝም። ስለዚህ በመኖሪያ ቤት በልማድ የሚጠበቀው ደኅንነት በማረፊያ ቤት በዕቃው ምርጫ ሊጠበቅ ይገባል። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ማሳሰቢያ ቢረዳም የሚያነበው ሁሉም ሰው አይደለም።

የመስመሩ አቅም እንደ መነሻ

ለአብነት 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር በሆነ የመዳብ ሽቦ ተዘርግቶ በ16 አምፔር ብሬከር የሚጠበቅ አንድ የማዕድ ቤት ሶኬት መስመር ይወሰድ። የአገሪቱ የኤሌክትሪክ አቅርቦት 220 ቮልት በመሆኑ መስመሩ የሚሸከመው ከፍተኛ ኃይል 16 በ220 ሲባዛ 3,520 ዋት ነው።

በዚህ መስመር ላይ በገበያ የተለመዱት ዕቃዎች ማለትም 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ፣ እያንዳንዱ ዓይኑ 1,000 ዋት የሆነ ባለ ሁለት ዓይን ምድጃ፣ 1,200 ዋት የሚስብ ማይክሮዌቭና 150 ዋት ማቀዝቀዣ ቢሰኩ ድምሩ 5,350 ዋት ይሆናል። ይህም ከ24 አምፔር በላይ ነው። ብሬከሩ ይወድቃል፤ እንግዳው ያነሣዋል፤ ተመልሶ ይወድቃል። በዚህ ጊዜ የሚፈጸመው አደገኛ ስሕተት ሽቦውን ሳይለውጡ ብሬከሩን በ25 ወይም በ32 አምፔር መተካት ነው። ብሬከር የተሠራው ሽቦውን ለመጠበቅ እንጂ መብራት እንዳይጠፋ ለማድረግ አይደለም። ትልቅ ብሬከር ሲገባ መውደቁ ይቆማል፤ ሽቦው ግን በግድግዳው ውስጥ መጋሉን ይቀጥላል።

አማራጩ የውሃ ማፍያውን 1,000 ዋት በሆነ መተካትና ማይክሮዌቩን መተው ነው። በዚህ ጊዜ ድምሩ 3,150 ዋት ወይም 14.3 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ ሁሉም በአንድ ላይ ቢበሩም ከመስመሩ አቅም አያልፍም። እንግዳው የሚያጣውም ጥቂት ነው። አንድ ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ተነሥቶ እስኪፈላ 310 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ከማፍያው ሙቀት 85 በመቶው ውሃው ውስጥ ይገባል ቢባል፣ ባለ 2,000 ዋቱ በሦስት ደቂቃ፣ ባለ 1,000 ዋቱ በስድስት ደቂቃ ገደማ ያፈላዋል። የሚበላው የኤሌክትሪክ መጠን ተቀራራቢ ነው፤ ልዩነቱ የሦስት ደቂቃ መጠበቅ ብቻ ነው።

የዕቃዎቹ ምርጫ

ምጣድ፦ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋትና ከዚያ በላይ ስለሚወስድ ብቻውን የአንድ መስመርን አቅም ይጨርሳል። የራሱ መስመር ያስፈልገዋል። ለሁለት ቀን የመጣ ቤተሰብ ሊጥ አብኩቶ እንጀራ አይጋግርም፤ የተጋገረ ይገዛል ወይም ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ምጣድ ለአነስተኛ ማረፊያ አስፈላጊ አይደለም፤ በምትኩ ክዳኑ በሚገባ የሚገጥም የእንጀራ መሶብ ይበቃል።

ምድጃ፦ የኢንዳክሽን ምድጃ ሙቀት አያባክንም፤ ሆኖም የሚሠራው ማግኔት በሚይዘው የድስት መቀመጫ ላይ ብቻ ነው። በአገራችን ማዕድ ቤቶች የተለመደው ተራ የአሉሚኒየም ድስትና የሸክላ ጀበና አይግሉበትም። እንግዳው የራሱን ጀበና ይዞ ቢመጣ ምድጃው የተበላሸ ይመስለዋል። ማንኛውንም ድስት የሚቀበለው ተራ የኤሌክትሪክ ምድጃ በዚህ ረገድ ተመራጭ ነው፤ በአንደኛው ዓይን ወጥ፣ በሌላው ቡና ሊጣድበት ይችላል።

ፕሬዠር፦ ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ያለች በመሆኗ ውሃ የሚፈላባት በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ሥጋና ጥራጥሬ በክፍት ድስት ሲቀቀሉ የሚዘገዩት በዚህ ምክንያት ነው። በእንፋሎት ግፊት የሚያበስለው ፕሬዠር ሙቀቱን ከ110 ዲግሪ በላይ ስለሚያደርሰው ምድጃው በርቶ የሚቆይበትን ጊዜ በእጅጉ ያሳጥራል። ኃይሉ አነስተኛ የሆነን ምድጃ ጉድለት የሚክሰውም ይኸው ዕቃ ነው፤ የግፊት መልቀቂያ ቀዳዳው ግን ከእያንዳንዱ እንግዳ በኋላ ሊጸዳና ሊፈተሽ ይገባዋል።

ማቀዝቀዣ፦ ቮልት ሲወርድ ምድጃና ማፍያ ኃይላቸው ከመቀነሱ በቀር ጉዳት አይደርስባቸውም፤ ለምሳሌ በ180 ቮልት የሚሰጡት ሙቀት ወደ ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የማቀዝቀዣ ሞተር ግን በዝቅተኛ ቮልት ለመነሣት ሲታገል ይግላል፤ ሊቃጠልም ይችላል። ስለዚህ ለመላው ማዕድ ቤት የሚሆን ውድ ስታቢላይዘር ከመግዛት ይልቅ፣ ቮልት ሲዛባ የሚያጠፋና መብራት ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚያበራ አነስተኛ መከላከያ ለማቀዝቀዣው ብቻ መግጠም ይበቃል።

ከአሜሪካ የሚላኩ ዕቃዎች፦ ዘመድ ከአሜሪካ የሚልካቸው የማዕድ ቤት ዕቃዎች ብዙዎቹ ለ120 ቮልት የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ማሞቂያ በ220 ቮልት ሲሰካ ከተሠራለት ኃይል ሦስት እጥፍ በላይ ይስባል። ባለቤቱ በትራንስፎርመር ሊጠቀምበት ቢችልም፣ እንግዳ ግን በማቀያየሪያ ሶኬት በቀጥታ ሊሰካው ስለሚችል በኪራይ ቤት ቦታ ሊኖረው አይገባም።

መብራት ሲጠፋ

የማዕድ ቤቱ ዝግጅት በይበልጥ የሚፈተነው መብራት ሲጠፋ ነው። እንግዳው አማራጭ ካልተዘጋጀለት የራሱን ይፈልጋል፤ ቅርቡም ከሰል ነው። በተዘጋ ክፍል የሚነድ ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በእንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ክልከላ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ቡና ማፍላት የእንግዳው የዕረፍት አካል ነውና። ስለሆነም ጣሪያ ኖሮት ጎኑ ክፍት የሆነ በረንዳ ላይ የከሰል ምድጃ፣ ረከቦትና መቀመጫ ማሰናዳት፣ ፍሙም ወደ ቤት እንዳይገባ በቃል ማስረዳት ከክልከላው ይልቅ ውጤታማ ነው።

ቡታ ጋዝ ሌላው አማራጭ ነው። ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈተልክ ወለል ላይ ይተኛል፤ ከፍ ብሎ የተሠራ መስኮት ብቻውን አያስወጣውም። ሲሊንደሩን በውጭ ማስቀመጥና ከወለሉ አጠገብ የአየር መውጫ ማበጀት የማይቻል ከሆነ ጋዝ ባይገባ ይመረጣል። በዚህ ጊዜ ሁለት ትልልቅ ፔርሙዞች ለሻይና ለሕፃናት ወተት የሚሆን ሙቅ ውሃ ያቆያሉ። በሩ ሳይከፈት የቆየ ማቀዝቀዣም ምግብን ለአራት ሰዓት ያህል ስለሚያቆይ፣ ይህንን ለእንግዳው መንገር ምግብም እምነትም ያተርፋል።

ማጠቃለያ

ከላይ የቀረበው ስሌት የሚያሳየው የዕቃ ምርጫ ከገበያ ሳይሆን ከቆጣሪው መጀመር እንዳለበት ነው። በቅድሚያ የመስመሩና የብሬከሩ መጠን በባለሙያ ይረጋገጥ፤ ቀጥሎ የዕቃዎቹ ዋት ይደመር፤ ድምሩ ከአቅሙ ካለፈ ደግሞ ብሬከሩ ሳያድግ ዕቃው ይቀነስ። በዚህ መንገድ የተመረጠ ማዕድ ቤት ዕቃው ጥቂት ቢሆንም እንግዳው የፈለገውን ቢያበራ የሚጸና ነው። በምዘና ቅጾች ላይ የዕቃ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የዋት ድምር ጭምር እንዲሰፍር ማድረግም፣ በአነስተኛ ማረፊያዎች ደረጃ አወጣጥ ላይ ለሚደረጉ ቀጣይ ጥናቶች በቀላሉ የሚለካ መመዘኛ ያስገኛል።