የሰውነት የውሃና የጨው ሚዛን
በድርቅ መጠለያና በሠፈራ ጣቢያ ለሚያገለግሉ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

በድርቅ ምክንያት ከቀዬአቸው ተፈናቅለው በመጠለያ የሚሰበሰቡ ወገኖች ሕይወታቸውን የሚያጡት በእህል እጦት ብቻ አይደለም። የተጎዳ ሰውነት በተጣበበ ሥፍራ፣ ንጹሕ ባልሆነ ውሃ ሲኖር ተቅማጥ ይከተላል፤ ተቅማጡም ከበረታ እህሉ ከመድረሱ በፊት ይገድላል። ለሞት የሚያበቃውም ከሰውነት የሚወጣው ውሃና ከውሃው ጋር አብሮ የሚወጣው ጨው ነው። ስለዚህ የውሃ ማጓጓዣን የሚያቅደው ኃላፊም ሆነ ሕሙማንን የሚረዳው ሠራተኛ ሰውነት ይህን ሚዛን እንዴት እንደሚጠብቅ ሊያውቅ ይገባዋል።

ውሃና ጨው በሰውነት ውስጥ

ከአንድ ጎልማሳ ክብደት 60 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው፤ በአራስ ሕፃን እስከ 75 በመቶ ይደርሳል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 36 ሊትር ያህል ውሃ ሲኖረው፣ ከዚህ ውስጥ 24 ሊትር ያህሉ በሕዋሳት ውስጥ፣ 12 ሊትር ያህሉ ከሕዋሳት ውጭ ይገኛል። በደም ሥር የሚዘዋወረው የደም ውሃ ግን 3 ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ፈሳሽ ሲጎድል የደም ዝውውር ይዳከማል።

ይህን ክፍፍል የሚወስነው ጨው ነው። ከሕዋስ ውጭ ሶዲየም፣ በሕዋስ ውስጥ ደግሞ ፖታሲየም ይበዛል፤ ውሃም ጨው ወደ በዛበት ወገን ይሄዳል። በእያንዳንዱ ሕዋስ ሽፋን ላይ የሚገኝ ፓምፕ 3 ሶዲየም እያስወጣ 2 ፖታሲየም ያስገባል። ፓምፑ የሚሠራው ከምግብ በሚገኝ ኃይል ስለሆነ ረሃብ በጸና ጊዜ ይደክማል።

ሚዛኑን የሚጠብቁት ክፍሎች

ደም በትንሹም ቢሆን ሲወፍር አንጎል ያውቀዋል። ወዲያውም ጥማትን ይቀሰቅሳል፤ ኩላሊትም ውሃ እንዲቆጥብ የሚያዝ ሆርሞን እንዲመነጭ ያደርጋል። ኩላሊት በቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ አጣርቶ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ወደ ደም ይመልሳል። ከኩላሊት በላይ የሚገኘው አድሬናል ዕጢ በበኩሉ ሶዲየም በሽንት እንዳይባክን የሚከላከል ሆርሞን ያመነጫል። ሆኖም ኩላሊት የቱንም ያህል ቢቆጥብ ቆሻሻን ለማስወገድ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ሽንት ያስፈልገዋል። በላብ፣ በትንፋሽና በተቅማጥ የሚወጣውን ሊያስቆም አይችልም።

ተቅማጥ የሚያደርሰው ጉዳት

ጤነኛ አንጀት በቀን ከ8 እስከ 9 ሊትር ፈሳሽ ይቀበላል። ከዚህ 2 ሊትር ያህሉ የተጠጣ ሲሆን ቀሪው ሰውነት ራሱ ያመነጨው ነው። ከሞላ ጎደል ሁሉም ተመልሶ ይመጠጣል። በኮሌራ ጊዜ ግን ጎልማሳ ሕመምተኛ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ሊያጣ ይችላል። ለሕፃን ደግሞ ጥቂቱም ብዙ ነው፤ 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ግማሽ ሊትር ፈሳሽ ካጣ ከክብደቱ አንድ አሥረኛው ጠፍቷል፤ ይህም ለሞት የሚያሰጋ ነው።

ውሃ ብቻ ማጠጣት ጉድለቱን አይሞላም። የጠፋው ጨው ካልተተካ ደም ይቀጥናል፤ ሰውነት የጠጣውን ውሃ ይዞ ሊያቆየው አይችልም። መፍትሔው አንጀት ራሱ ያለው አንድ ጠባይ ነው፤ ግሉኮስ ወደ ውስጥ ሲገባ ሶዲየምን ይዞ ይገባል፤ ውሃም ይከተላቸዋል። ኮሌራ ይህን በር አይዘጋውም። በአፍ የሚሰጠው የጨውና የስኳር ውሕድ ሕይወት የሚያድነው በዚህ ምክንያት ነው።

የቦንጋኦን ተሞክሮ

እ.ኤ.አ. በ1971 ከባንግላዴሽ ጦርነት የሸሹ ስደተኞች በሕንድ ድንበር በምትገኘው በቦንጋኦን ሲሰፍሩ ኮሌራ ገባ። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ሲያልቅ ሐኪሙ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በአንድ ሊትር ውሃ 22 ግራም ግሉኮስ፣ 3.5 ግራም የገበታ ጨውና 2.5 ግራም ሶዳ ተበጥብጦ እንዲሰጥ አደረጉ። የሚያጠጡትም የሕሙማኑ ቤተሰቦች ነበሩ። 30 በመቶ ይደርስ የነበረው የሟቾች ቁጥር ወደ 3.6 በመቶ ወረደ። ዛሬ የሚታደለውና በአገራችን በተለምዶ «ለምለም» የሚባለው ውሕድ በዚሁ መሠረታዊ ሐሳብ የሚሠራ ነው።

በረሃብ እጅግ የተጎዳ ሕፃን

ለሁሉም አንድ ዓይነት አሠራር መከተል አደጋ አለው። እጅግ በከሳ ወይም ባበጠ ሕፃን ሰውነት ውስጥ ፓምፑ ስለደከመ በሕዋሳቱ ሶዲየም በዝቶ ፖታሲየም አንሷል፤ ልቡም ደካማ ነው። ፈሳሽና ሶዲየም በፍጥነት ከተሰጠው ልቡ ሊሸከመው ሳይችል ሊሞት ይችላል። ስለዚህ ሶዲየሙ በሊትር 45፣ ፖታሲየሙ 40 ሚሊሞል የሆነ «ሬሶማል» የተባለ ልዩ ውሕድ በዝግታና በክትትል ይሰጠዋል። በኮሌራ ከተያዘ ግን መደበኛው ውሕድ ነው የሚሰጠው። በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ የሚፈቀደው ራሱን ለሳተና የደም ዝውውሩ ለተዳከመ ብቻ ነው። የዓይን መጎድጎድና የቆዳ መሸብሸብ ከክሳትም ስለሚመጡ ብቻቸውን ማስረጃ አይሆኑም።

በቆላ የሚሠፍሩ ደገኞች

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ብዙ ሕዝብ ወደ ጋምቤላ፣ መተከልና አሶሳ እንዲሠፍር ተደርጎ ነበር። ከደጋ ወደ ሞቃት ቆላ የሚወርድ ገበሬ በሥራ ላይ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ላብ ሊያፈስስ ይችላል። ሰውነቱ ሙቀቱን ለምዶ በላቡ የሚወጣውን ጨው ለመቆጠብ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል። በዚህ ጊዜ ከባድ ምንጣሮ ማዘዝ ሚዛኑን ማናጋት ነው። ሥራው ማለዳና አመሻሽ ላይ እንዲሆን፣ ውሃም በእርሻው አጠገብ እንዲቀርብ ያስፈልጋል።

ለተግባር የሚጠቅሙ ነጥቦች

1. ለመጠለያ የሚታቀደው ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ነው። 5,000 ሰው ላለበት ጣቢያ በቀን 75,000 ሊትር ማለት ነው።

2. ፓኬቱ በተጻፈበት የውሃ ልክ፣ በንጹሕ ውሃ ይበጠበጥ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይ።

3. ፓኬት ሲታጣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ አናቱ የተስተካከለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው ይበቃል። ጨውን ማብዛት አደገኛ ነው።

4. ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከየተቅማጡ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊሊትር በማንኪያ ይሰጠው። ጡት መጥባቱ አይቋረጥ።

5. መጠጣት ያቃተው፣ የፈዘዘ ወይም ራሱን የሳተ ሕመምተኛ ሳይውል ሳያድር ወደ ሕክምና ይላክ።

በአጠቃላይ ሲታይ፣ ውሃ፣ ጨው፣ ስኳርና የሚለካ ዕቃ በጊዜው ከተገኙ በተቅማጥ ከሚሞቱት አብዛኞቹን ማትረፍ ይቻላል። ስለሆነም የውሕድ ፓኬትና የመለኪያ ዕቃ ከመጀመሪያው የእህል ጭነት ጋር አብረው ይጫኑ እንጂ ወረርሽኝ እስኪገባ አይጠበቅ።