ሙላትና ጉድለት፤ በዛንዚባር ባሕር የትና መቼ መግባት እንደሚሻል

ወደ ዛንዚባር የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደስተው ነገር ሰዓቱ ነው። የስዋሂሊ ሰዎች እንደኛው ጊዜን ከንጋት ጀምረው ይቈጥራሉ፤ እኛ ጧት አራት ሰዓት የምንለውን እነርሱም «ሳአ ንኔ»፥ ማለት አራት ሰዓት ይሉታል። በ2016 ዓ.ም. በነሐሴ ወር ከሁለት ጓደኞቼ ጋር በሄድን ጊዜ በዚሁ ነገር ስንደሰት ሰነበትን። ይኸው ደስታ ግን ሕይወቴን ሊያሳጣኝ ነበርና፥ በሚመጣው ክረምት ወደዚያ ለመሄድ የምታስቡ ወንድሞችና እኅቶች እንዳትደግሙት ይህን ጽፌአለሁ።

ፊትን በመስታወት ጭንብል ሸፍኖ፥ ባጭር ቧንቧ እየተነፈሱ፥ በደረት ተንሳፎ የባሕሩን ወለል መመልከት «ስኖርክሊንግ» ይባላል። ወደ ጥልቁ መውረድ የለበትም፤ በላንጋኖ መዋኘት የተማረ ሁሉ የሚችለው ይመስለዋል። እኔም ከነዚሁ አንዱ ነበርኩ። በደሴቱ ምሥራቅ ዳርቻ ባረፍንበት ቤት ግድግዳ ላይ የባሕሩ ሙላትና ጉድለት ሰዓት የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። «ጉድለት 10፡20» የሚለውን አንብቤ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከሃያ ገባሁ። ጨረቃ ሙሉ በሆነች ማግስት ነው። ውኃው ጎድሎ እንደ ገንዳ ጸጥ ብሎ ይጠብቀኛል ያልኩት ባሕር እስከ አፉ ሞልቶ አገኘሁት። ቢሞላስ ምናለበት ብዬ ፊቴን ወደ ታች ደፋሁ።

ወረቀቱ የታተመው በፈረንጅ ሰዓት ነበር። 10፡20 የተባለው በኛም በስዋሂሊዎቹም አቈጣጠር ጧት አራት ሰዓት ከሃያ ነው። አሁን እንግዲህ ልብ በሉ፤ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፥ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ ከሙላት እስከ ጉድለት ያለው ጊዜ ስድስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነው። በፈረንጅና በኢትዮጵያ ሰዓት መካከል ያለውም ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ወረቀቱን በኛ ሰዓት ያነበበ ሰው በጥቂቱ አይሳሳትም፤ ሙላቱን ጉድለት፥ ጉድለቱን ሙላት ያደርጋል። ወጥመዱ ለኛ ተብሎ የተጠመደ ይመስላል።

ከመቶ ደቂቃ በኋላ ቀና ስል የባሕሩ ዳር ርቆ፥ ጓደኞቼ እንደ ጉንዳን አንሰው ታዩኝ። ወደ እነርሱ ብዋኝ ብዋኝ ከሥሬ ያለው ድንጋይ ወደ ኋላ አልሄድልህ አለኝ። ፀሐይዋ ልትጠልቅ ነበር። ክንፍ ባላት ታንኳው ይመለስ የነበረ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አይቶኝ እጄን ይዞ ጎትቶ አወጣኝ። ሰዓቴን አሳይቼው በምልክትም በጥቂት ቃላትም ስናስረዳዳ፥ ሳቀና «ልጄ፥ ባሕሩ የሚያውቀው የኛን ሰዓት ነው» አለኝ።

ሊወስደኝ የነበረው ምን እንደ ሆነ በኋላ ነው የገባኝ። በምሥራቁ ዳርቻ የኮራሉ ቋጥኝ ከባሕሩ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ያህል፥ አንዳንድ ቦታም ከዚያ ይበልጥ ርቆ እንደ አጥር ተዘርግቷል። በአጥሩና በምድሩ መካከል ዝቅተኛ ውኃ አለ፤ በጉድለት ጊዜ ሴቶች የባሕር አረም የሚያለሙበት እርሻ ነው። ማዕበሉ በአጥሩ ላይ እየዘለለ ወደ ውስጥ የሚጥለው ውኃ መመለሻው የአጥሩ በር ብቻ ነው። ጉድለት ሲጀምር ደግሞ የውስጡ ውኃ ሁሉ ወደዚያው በር ይጎርፋል። እንዲህ ያለ ጉርፍ የያዘው ሰው ፊት ለፊት ሊታገለው አይገባም፤ ወደ ጎን ዋኝቶ ከመሥመሩ ይውጣ፥ ከዚያ በኋላ ወደ ዳር ይመለስ። እኔ ይህን አላውቅም ነበርና ጉልበቴን ሁሉ በከንቱ ጨረስኩ።

ውኃው የሚጎድለው በእኩል እርምጃ አይደለም። መርከበኞች ጠቅላላውን ልዩነት ለዐሥራ ሁለት እጅ ይመድቡታል፤ በመጀመሪያው ሰዓት አንድ እጅ፥ በሁለተኛው ሁለት፥ በሦስተኛውና በአራተኛው ሦስት ሦስት፥ በአምስተኛው ሁለት፥ በመጨረሻው አንድ እጅ ይወርዳል። ልዩነቱ 3 ሜትር ከ60 ሳንቲም ቢሆን በመጀመሪያው ሰዓት የሚወርደው 30 ሳንቲም፥ በሦስተኛው ግን 90 ነው። እንግዲህ ደኅናው ጊዜ የሙላቱ ጫፍ ነው፤ ሙላቱ ሊፈጸም አንድ ሰዓት ሲቀረው ገብቶ፥ ጉድለቱ ሳይበረታ መውጣት።

ቀኑን የምትመርጠው ደግሞ ጨረቃ ናት። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወለድ ባሕሩ እጅግ ይሞላል፥ እጅግም ይጎድላል፤ በዛንዚባር ልዩነቱ 4 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ስዋሂሊዎቹ ይህን «ባምቩዋ» ይሉታል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችበት ሰሞን ግን ልዩነቱ በጣም ያንሳል፥ ጉርፉም ይደክማል፤ ይህንም «ማጂ ማፉ»፥ የሞተ ውኃ ብለውታል። ለጀማሪ የሚሻለው ይኸው የሞተ ውኃ ነው። ከዚህ ሌላ አንድ መልካም ነገር አለ፤ በዛንዚባር በባምቩዋ ቀን ጧት አራት ሰዓት ገደማ ጉድለት ሲሆን፥ በግማሽ ጨረቃ ሰሞን በዚያው ሰዓት ገደማ ሙላት ይሆናል። ጧት ነፋሱ ገና አልበረታም፥ ፀሐይዋም ከፍ ብላ ውኃውን እስከ ወለሉ ታበራዋለች። ሙላቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል እየዘገየ ስለሚመጣ ሰዓቱን በየቀኑ መመልከት ግድ ነው።

ቦታውን የሚወስነው ነፋስ ነው። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት «ካስካዚ» ከሰሜን ምሥራቅ፥ ከሰኔ እስከ መስከረም «ኩሲ» ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ትልቁ ዝናም ነው፤ ውኃው ይደፈርሳል፥ ስለዚያ ወራት አልከራከርም። የኛ የክረምት ዕረፍት የሚውለው በኩሲ ወራት ስለ ሆነ፥ ከዚህ የሚሄድ ተማሪ የምሥራቁን ዳርቻ የሚያገኘው ማዕበሉ ሲመታው ነው። ፎቶግራፉ የሚያምረው የምሥራቁ አሸዋ መሆኑ እኛንም አታልሎናል።

ምዕራቡ በሁለቱም ነፋስ ጊዜ ተከልሎ ይኖራል። ታዲያ ሰው ሁሉ ለምን ወደዚያ አይሄድም ቢባል፥ በከተማውና በወደቡ አጠገብ ውኃው ብዙ ጊዜ ጥራት ስለሚጎድለው ነው። ከከተማው ራቅ ማለት ያስፈልጋል። ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀው የቹምቤ ደሴት ኮራል ዓሣ ስለማይጠመድበት እጅግ ያማረ ነው ይባላል፤ ዋጋው ግን የተማሪ ኪስ አይችለውም። በሰሜን ምሥራቅ ያለው ምኔምባ ስሙ የገነነ ነው፤ በኩሲ ጊዜ ባለ ጀልባው ከነፋስ በተከለለው በኩል ያቁም፤ ረፈድ ካለ ግን ከዓሣው ሰው ይበዛል።

ስለ ዕቃው ብዙ አልልም። ጭንብሉን ማሰሪያውን ሳታስሩ ፊታችሁ ላይ ለጥፉና ባፍንጫችሁ ሳቡ፤ ካልወደቀ ልክ ነው። ሸሚዝ ለብሳችሁ ግቡ፤ የደጋ ሰው ጀርባው በአንድ ሰዓት ይላጣል (የአንዱ ጓደኛዬ ጀርባ ምስክር ነው)። ኮራሉ ላይ መቆም ለእግርም ለኮራሉም መጥፎ ነው። ድንጋይ ይመስላል እንጂ ሕይወት ያለው ነው፤ በ1998 እና በ2016 እ.ኤ.አ. ባሕሩ ከልክ በላይ በሞቀ ጊዜ በምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ ብዙ ኮራል ነጥቷል፥ ከፊሉም ሞቷል፤ የተረፈውን በእግራችን ባንጨርሰው። ብቻችሁንም አትግቡ፤ አንዱ ወደ ታች ሲያይ ሌላው ወደ ዳር ይይ።

ነሐሴ 20 ቀን ጨረቃዋ ግማሽ ሆነች። በማግስቱ ሦስታችን ገንዘብ አዋጥተን፥ ከከተማው በስተ ምዕራብ ወዳለችው ወደ ባዌ ደሴት በጀልባ ሄድን። ሰዓቱን ባለ ጀልባውን በስዋሂሊ ጠየቅሁት፤ ወረቀት አላየሁም። ያን ዕለት ኮራሉን የሚግጡት ዓሦች ድምፅ፥ ቆሎ እንደሚቆረጥም ሰው ጥርስ፥ ጆሮዬ ድረስ ይሰማኝ ነበር። አንድ ሰዓት ቆይቼ ቀና ስል ጀልባው ከገባሁበት ቦታ ሃያ እርምጃ እንኳ አይርቅም ነበር።