የቅድመ አያት መቃብር በቤተ ክርስቲያን ጽሑፍ ሲፈለግ

ከገጠር ደብር ገብቶ «የሟቾች መዝገብ ይውጣልኝ» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እጁን ይመለሳል። ካህናቱ ደብቀውበት አይደለም፤ እንዲህ ያለ መዝገብ በብዙ ቦታ ከመጀመሪያውም አልነበረም። መንግሥት እንኳ ልደትና ሞትን በመላ አገሪቱ መመዝገብ የጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ቤተ ክርስቲያን ድሮ የምትጽፈው አስከሬኑ ያረፈበትን ጉድጓድ ሳይሆን የሟቹ ስም በጸሎት የሚታሰብበትን ቀንና ለዚያ የተሰጠውን ሀብት ነበር። መቃብር ፈላጊም መጀመር ያለበት ከዚያው ከመታሰቢያው ነው።

ከሁሉ በፊት የክርስትና ስም ያስፈልጋል። ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ የሚወጣው ስም ነው ፍትሐትም ተዝካርም የሚደርስበት። እቴጌ ጣይቱ በጸሎት ወለተ ሚካኤል ናቸው። ራስ ተፈሪ ሲነግሡ የተጠሩበት ኃይለ ሥላሴም የክርስትና ስማቸው ነበር። በቤተሰቡ ዘንድ በላይ ሲባሉ የኖሩ አያት በብራናው ላይ ገብረ መድኅን ሊሆኑ ይችላሉ፤ በዓለም ስማቸው የሚፈልጋቸው ሰው ገጹን ገልጦ ያልፋቸዋል። ይህን ስም በብዛት የሚያስታውሱት በዕድሜ የገፉ አክስቶችና አያቶች ናቸው፤ ጠላውን የጠመቁት፣ ዳቦውን የደፉት እነሱ ስለሆኑ ሙት ዓመቱ በየትኛው ወር፣ በስንተኛው ቀን፣ በየትኛው ደብር ይወጣ እንደነበር አይጠፋቸውም። ዋሽንግተን ወይም ጂዳ ያለ የልጅ ልጅ ለአውሮፕላን ቲኬት ከመክፈሉ በፊት ለአክስቱ ይደውል።

ደብሩን ለመለየት ደግሞ ርስትን መከተል ነው። በሰሜኑ አገር ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይወረስ ስለነበር አንድ ሰው የዘር ቁጥር ያለው በአንድ አጥቢያ ብቻ አይደለም። የንስሐ አባቱ በሚያገለግሉበት ደብር መቀበሩ የተለመደ ቢሆንም፣ አስከሬኑን ተሸክሞ አባቶቹ ካረፉበት አፈር ማድረስም ነበር። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደብር መያዝ ይሻላል።

ጽሑፉ የት ይገኛል? መሬት ወይም ገንዘብ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈበትን ቦታ ፈልጉ። ሰው መሬቱን ለነፍሱ መታሰቢያ ሲሰጥ፣ ሲሸጥ ወይም ሲያወርስ ጉዳዩ ከነምስክሮቹ በደብሩ ወንጌል ወይም በሌላ የብራና መጽሐፍ ባዶ ገጽና ኅዳግ ላይ ይጻፍ ነበር። በጎንደር ዘመን ደብሮች እንዲህ ያለው ጽሑፍ ብዙ ነው። መጽሐፍ አጽፎ የሰጠ ሰውም ስሙ ከነሚስቱና ከነልጆቹ በመጽሐፉ መጨረሻ ይሰፍራል። መሬትም ጥሪትም ያልነበረው ገበሬ በዚህ መንገድ አለመገኘቱ ያሳዝናል፤ ለእሱ የቀረው የጽዋ ማኅበሩና የመንደሩ ሽማግሌዎች ትዝታ ነው።

ስሙ ከተገኘ በኋላ ብዙዎችን የሚያደናግረው ዘመኑ ነው። ለምሳሌ «አዕረፈት ወለተ ሥላሴ አመ ፲ወ፭ ለኅዳር በዘመነ ሉቃስ» የሚል ቢገኝ፣ ቀኑ ኅዳር 15 ነው፤ ዓመተ ምሕረቱ ግን አልተጻፈም። ወንጌላውያኑ በየአራት ዓመቱ ስለሚመላለሱ ዘመነ ሉቃስ 1907ም፣ 1911ም፣ 1915ም ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለአራት ማካፈል ነው፤ አንድ ከተረፈ ማቴዎስ፣ ሁለት ከተረፈ ማርቆስ፣ ሦስት ከተረፈ ሉቃስ፣ ምንም ካልተረፈ ዮሐንስ ይሆናል። 1911 ላይ 5500 ሲደመር 7411 ይመጣል፤ ለአራት ሲካፈል ሦስት ይተርፋል። አሁን የቤተሰቡን ወሬ አምጡ። «የኅዳር በሽታ የወሰዳት» ይባል ከነበረ ያ ወረርሽኝ የገባው በ1911 ዓ.ም. ነውና ሌሎቹ ዓመታት ይወድቃሉ። ጽሑፉ ብቻውን ያልሰጠውን ዓመት ከቤተሰቡ አፍ ጋር ሲጋጠም ይሰጣል፤ በዚህ ሥራ እኔን ከሁሉ የሚያስደስተኝም ይኸው ነው።

መጽሐፉ ያለው ዕቃ ቤት ነው፣ ዕቃ ቤቱም ለመጣ ሁሉ አይከፈትም። ከሀገረ ስብከቱ ወይም ከወረዳው ቤተ ክህነት ደብዳቤ ይዞ፣ የደብሩን አለቃና ቄሰ ገበዙን አስቀድሞ አነጋግሮ፣ ከበዓልና ከጾም ሰሞን ውጭ መሄድ ይገባል። ቅጠሉን ካህናቱ ራሳቸው ይግለጡት፤ ፎቶ ማንሳት ሲፈቀድም ያለ ፍላሽ ይሁን። ደብሩ ድረስ መሄድ ለማይችል በ1973 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረው የማይክሮፊልም ሥራ አለ። 9,000 ያህል የኢትዮጵያ መጻሕፍት ተነሥተውበት ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ይገኛል፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ካዘጋጇቸው ካታሎጎች የባለቤቶችንና የሰጪዎችን ስም መፈለግ ይቻላል።

ደብሩና ቀኑ ከታወቁ በኋላ የሚቀረው ቅጥር ግቢው ነው። በገጠር በመቃብር ላይ ስም መጻፍ የቅርብ ጊዜ ልማድ ስለሆነ ድንጋይ ማንበብ ብዙ አይጠቅምም። ዘመድ ከዘመዱ አጠገብ ስለሚቀበር ግን የኋለኞቹ መቃብር ወደ ፊተኞቹ ይመራል። ዐፅም ሊፈልስ እንደሚችልም አይረሳ። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ያረፉት ዐፄ ምኒልክ እንኳ መጀመሪያ በቤተ መንግሥቱ ግቢ ተቀብረው በኋላ ነው ወደ በዓታ ቤተ ክርስቲያን የፈለሱት። ስለዚህ ቄሰ ገበዙን ቤተ ክርስቲያኑ እንደገና ተሠርቶ እንደሆነ፣ ታቦቱም ከሌላ ቦታ መጥቶ እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ከሌላ ቦታ የመጣ ከሆነ መቃብሩ የሚፈለገው ከቀድሞው ቦታ ነው።