ወፍጮው ቆሞ ጆሮዬ ለምን ይጮኻል?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከሁምቦ ወረዳ፣ ከተበላ ከተማ ነው። የ46 ዓመት ሰው ነኝ፤ ከወጣትነቴ ጀምሮ የምተዳደረው በናፍጣ ወፍጮ ነው። ካለፈው ዓመት ወዲህ በሁለቱም ጆሮዬ ቀጭን ፉጨት ይሰማኛል። ቀን ሥራ ላይ ስሆን እረሳዋለሁ፤ ማታ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። ሰው ሲያነጋግረኝም «ምን አልክ?» ማለት አብዝቻለሁ። አንዱ «ሰው እያማህ ነው» ይለኛል፣ ሌላው «ነጭ ሽንኩርት በዘይት አሙቀህ ጨምርበት» ይለኛል፤ ታላቅ ወንድሜ ደግሞ መንፈስ ነው ብሎ ጸሎት አስይዞልኛል። ጤና ጣቢያ ታይቼ ኩክም መግልም የለበትም ተባልኩ። ታዲያ የሚጮኸው ምንድን ነው? ላብድ ይሆን ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ከሁሉ በላይ ካስጨነቀዎት ልጀምር፤ ከጻፉልኝ ምልክቶች አንዱም የእብደት ምልክት አይደለም። በከባድ የአእምሮ ሕመም የሚሰማው ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ ንግግር ነው፤ ይሳደባል፣ ያዛል፣ ስም ይጠራል። የእርስዎ ቃል የሌለው ፉጨት ነው፤ ሐኪሞች ቲኒተስ ይሉታል። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ጃማ ኒውሮሎጂ በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ዳሰሳ እንዳመለከተው፣ በዓለም ላይ ከ100 አዋቂዎች 14 ያህሉ ይህን ድምፅ ያውቁታል፤ ክፉኛ የሚያሠቃየው 2 ያህሉን ነው።

ጆሮዬ ደህና ከሆነ ድምፁ ከየት ይመጣል?

ጤና ጣቢያ በመብራት የታየልዎ የጆሮዎ ቀዳዳና ታምቡሩ ነው። የውስጠኛው ጆሮ በዚያ መብራት አይታይም። እዚያ ውስጥ በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት አሉ፤ ድምፅን ወደ ነርቭ መልእክት የሚለውጡት እነሱ ናቸው። ለዓመታት የሞተር ጩኸት ሲወርድባቸው ይሞታሉ፣ የሞተው ደግሞ አይተካም። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጎዱት ቀጫጭን ድምፆችን የሚቀበሉት ናቸው። ሰው ሲያወራ ድምፁ እየተሰማዎት ቃሉ የሚያመልጥዎት በዚህ ሳይሆን አይቀርም።

ከጆሮ የሚደርሰው መልእክት ሲያንስ አንጎል ዝም ብሎ አይቀመጥም። የጎደለውን ለማካካስ በመስሚያ መንገዱ ላይ ያሉት ነርቮች ንቃታቸውን ከፍ ያደርጋሉ፤ ውጭ ምንም ድምፅ ሳይኖርም መልእክት ይልካሉ። ያ እንቅስቃሴ እንደ ፉጨት ይሰማል። እግሩ የተቆረጠ ሰው የሌለውን እግር እንደሚያመው ሁሉ ማለት ነው። የመስሚያ ነርቫቸው በቀዶ ሕክምና ከተቆረጠ በኋላም ፉጨቱ ያልተዋቸው ሕሙማን መኖራቸው፣ ነገሩ አንጎል ውስጥ ሥር እንደሚሰድ ያሳያል።

ጤነኛ ጆሮም ቢሆን ፍጹም ዝምታ አያውቅም። በ1953 (እ.ኤ.አ.) ሄለርና በርግማን የተባሉ ተመራማሪዎች የመስማት ችግር የሌለባቸውን 80 ሰዎች ድምፅ በማያስገባ ክፍል ውስጥ አስቀመጡ፤ 94 በመቶዎቹ አንድ ዓይነት ድምፅ ሰማን አሉ። ማታ የሚብስብዎትም ስለዚህ ነው፤ ፉጨቱ ያው ነው፣ የሚሸፍነው የቀኑ ድምፅ ግን የለም።

ሌላው ሲለምደው እኔን ለምን አስጨነቀኝ?

የጭንቀቱ መጠን በድምፁ ከፍታ አይለካም። ፉጨቱ በመሣሪያ ከሚሰጥ ድምፅ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ዝቅተኛ ሆኖ ይገኛል፤ ያም ሆኖ ዝቅ ያለው አንዱን ሲያሠቃይ፣ ከፍ ያለውን ሌላው ተሸክሞት ይኖራል። ልዩነቱ የሚመጣው አንጎል ለድምፁ ከሚሰጠው ትርጉም ነው። ተመራማሪው ፓወል ጃስትሬቦፍ በ1990 (እ.ኤ.አ.) ይህን ሐሳብ በስፋት ካቀረበ ወዲህ የተሠሩ የአንጎል ምስል ጥናቶችም በቲኒተስ በሚሠቃዩ ሰዎች ላይ ለውጡ ከመስሚያው ክፍል አልፎ ፍርሃትን፣ ትዝታንና ትኩረትን ወደሚመሩት ክፍሎች እንደሚደርስ አሳይተዋል። ፍርሃትን የሚቀሰቅሰው አሚግዳላ «አደጋ ነው» ብሎ ከመዘገበው፣ አንጎል ድምፁን መጠበቅ ይጀምራል። ሲጠብቀው ይጎላል፣ ሲጎላ ያስፈራል፣ የፈራ ሰው አይተኛም፣ ያልተኛ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ይበልጥ ይሰማዋል። ድብርትና ጭንቀት በነዚህ ሕሙማን ላይ የሚበዙት በዚህ አዙሪት ነው። «ልታብድ ነው» ወይም «መንፈስ ነው» የሚለው ወሬም አዙሪቱን ያባብሰዋል።

አንጎል ግን መልመድንም ያውቃል። ወፍጮው ሲሠራ ሞተሩን ልብ ብለው አያዳምጡትም፤ ድንገት ሲቆም ነው የሚታወቅዎት። ሕክምናው የሚፈልገውም ፉጨቱ እዚያው እያለ አንጎልዎ እንደ ሞተሩ ችላ እንዲለው ማድረግ ነው።

የወባ መድኃኒት አድርጎብኝ ይሆን?

ይህን ባይጠይቁኝም እንደ ሁምቦ ወባ በሚበዛበት ቆላ ሳይነሳ አይታለፍም። ኩዊኒን የተባለው የወባ መድኃኒት በሚወሰድበት ጊዜ ጆሮ ያስጮኻል፤ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይተዋል። ክሎሮኪንም አልፎ አልፎ እንዲሁ ያደርጋል። በብዛት የተወሰደ አስፕሪን፣ የጄንታማይሲን መርፌ፣ ለቲቢ የሚሰጡ እንደ ስትሬፕቶማይሲን ያሉ መርፌዎችም ጆሮ ይጎዳሉ፤ የመርፌዎቹ ጉዳት ላይመለስ ይችላል። የወሰዱትን ሁሉ ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ የታዘዘልዎትን ግን በራስዎ አያቋርጡ።

ታዲያ ምን ላድርግ?

ፉጨቱን ከሥሩ የሚያጠፋ ክኒን እስካሁን የለም፤ አለኝ ለሚልዎት ገንዘብዎን አይስጡ። ሥቃዩን የሚቀንስ ሕክምና ግን አለ።

• የመስማት ችሎታዎን ያስለኩ። በጤና ጣቢያው በኩል ወደ ሶዶ ሪፈር ያስጽፉና ከአንገት በላይ ሐኪም ያለበትን ይጠይቁ። መስማትዎ ከቀነሰ የመስሚያ መሣሪያ ንግግር ለመስማት ይረዳዎታል፤ ብዙዎችን ከፉጨቱም ያሳርፋቸዋል።

• ስለ ጭንቀቱና ስለ እንቅልፉ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያነጋግሩ። አስፈሪ ሐሳብን መርምሮ መለወጥን የሚያስተምረው ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የተባለው የንግግር ሕክምና ፉጨቱን ባያጠፋም ጭንቀቱን ይቀንሳል። በ2020 (እ.ኤ.አ.) ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናት ገምጋሚ ድርጅት 28 ጥናቶችን መርምሮ ያወጣው ግምገማም ይህን አመልክቷል።

• ማታ ፍጹም ጸጥታ አይፈልጉ። ሬዲዮ ከፉጨቱ ዝቅ አድርገው ይክፈቱ።

• ወፍጮ ቤት ለድምፅ መከላከያ የተሠራ የጆሮ መሸፈኛ ያድርጉ፤ ጥጥ አይበቃም። በክንድ ርቀት ላለ ሰው መጮኽ ካስፈለገዎት ድምፁ ጆሮዎን እየጎዳ ነው። ረዳትዎም ያድርግ።

• ነጭ ሽንኩርቱንም ዘይቱንም ጆሮዎ ውስጥ አይጨምሩ፤ ያቃጥላል፣ ያመረቅዛል። ጸሎቱ ልብዎን ካሳረፈው ይቀጥሉ፤ ሐኪም ጋ ከመሄድ ግን አያስቀርዎት።

የማይቆይ ምልክት የትኛው ነው?

አንድ ጆሮ በድንገት መስማት ካቆመ ቀናት ሳያሳልፉ በዚያው ዕለት ይሂዱ፤ ሕክምናው ቶሎ ሲጀመር ነው የሚረዳው። ፉጨቱ በአንድ ጆሮ ብቻ ከሆነ፣ ከልብ ምት ጋር የሚመታ ከሆነ፣ ጆሮ ከመገለ፣ ወይም ጭንቅላት ከተመታ በኋላ ከጀመረም መመርመር አለበት። ሚዛን የሚያስት ማዞር ወይም የፊት መጣመም ከታከለበት ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ይታዩ። «ከዚህስ ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣብዎ ለቤተሰብ ተናግረው፣ ብቻዎን ሳይሆኑ፣ ወዲያውኑ ወደ ሆስፒታል ይምጡ።

ለቀጠሮዎ ሲሄዱ የሚያወሩት ስለ ፉጨቱ ብቻ አይሁን። ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ምን እንደሚያስፈራዎት፣ ከሰው መሸሽ ጀምረው እንደሆነም ይንገሯቸው። ወንድምዎንም ይዘው ይሂዱ፤ የሕመሙን ምንነት ከሐኪም አፍ ሲሰማ፣ ቤት ውስጥ የሚያስፈራዎት ሰው አንድ ይቀንሳል።