የሠራተኛ ጤንነት በነጋዴ ሒሳብ



ከእንጦጦ ራጉኤል በታች ባለው ቁልቁለት ሴቶች የባሕር ዛፍ እንጨት በጀርባቸው ተሸክመው ወደ ከተማ ሲወርዱ ማየት ለብዙ ዘመን የተለመደ ነገር ነው። ከነዚህ ሴቶች አንዲቱ ወገቧ ቢጎዳ ኪሳራው የራሷና የልጆቿ ብቻ ይሆናል፤ በማንም የሒሳብ መዝገብ አይጻፍም። በደመወዝ የሚሠራው ሰው ነገር ግን ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ሲጎዳ ኪሳራው በሁለት ስፍራ ይጻፋል፤ አንደኛው በቤቱ፣ ሁለተኛው በአሠሪው መዝገብ ነው። የመጀመሪያው ከሁሉ የሚከብድ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የዛሬው ትምህርታችን ግን ብዙ ጊዜ ሳናየው ስለምናልፈው ስለ ሁለተኛው ይሆናል።

ይህን እንድጽፍ ያነሣሣኝ በራሴ ላይ የደረሰ ነገር ነው። እኔ የአንድ ነጋዴ ጸሐፊ ነኝ። በመጋዘናችን በር ላይ ያለው የድንጋይ ደረጃ ተሰብሮ ስለ ነበር ግንበኛ ተጠርቶ የማደሻውን ዋጋ በወረቀት ጽፎ ሰጠን። ወረቀቱም በጠረጴዛዬ ላይ ተቀመጠ። ከርሱ ይልቅ የሚያስቸኩሉ ደብዳቤዎች ነበሩና ከሥር አደረግሁት፤ ኋላም ረሳሁት። ክረምት ገብቶ ዝናቡ ሲበረታ አንድ ተሸካሚያችን ኩንታል ተሸክሞ ሳለ በዚያው ደረጃ ላይ አዳልጦት ወደቀ፤ ወገቡም ተጎዳ። ልንጠይቀው ቤቱ በሄድን ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ የሚያስጨንቀው፣ «ሥራዬን ሌላ ሰው ይዞት ይሆን?» የሚለው ነበር። አሠሪዬ «ቦታህ የአንተ ነው፤ አይዞህ» ብለው አጽናኑት። ስንመለስ በመንገድ ላይ፣ «ደረጃው በርካሽ ቀርቦልን ነበር፤ እኛ ግን በውድ ገዛነው» አሉኝ። ከዚያ በቀር የተናገሩኝ ነገር የለም። ወረቀቱን ዛሬም አስቀምጬዋለሁ።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንለፍ። በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የፈጸመ ሠራተኛ ከሥራው ጋር ባልተያያዘ ምክንያት ሲታመም ለመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዙ፣ ለሚከተሉት ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዙ ይከፈለዋል፤ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ ናቸው። ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ሲሆን ግን የአሠሪው ግዴታ ይበልጣል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከመቶ 75፣ ለመጨረሻዎቹ ስድስት ወራት ከመቶ 50 ይከፈላል። የሕክምናው ወጪም በአሠሪው ላይ ነው።

ለምሳሌ ያህል በወር 6,000 ብር የሚከፈለው ተሸካሚ በሥራ ላይ ተጎድቶ ሕክምናው አንድ ዓመት ፈጀ እንበል። ለሦስት ወር 18,000፣ ለሦስት ወር 13,500፣ ለስድስት ወር 18,000፤ ድምሩ 49,500 ብር ይሆናል። በዚህ ላይ የሐኪም፣ የመድኃኒት፣ በርሱ ምትክ ለሚቀጠረው ሰው የሚከፈለውና ዕቃው ስለ ዘገየበት የሸሸው ደንበኛ ሲጨመር የኪሳራው መጠን በግልጥ ይታያል። ይህን ገንዘብ ከአንድ ደረጃ ማደሻ ጋር ማመዛዘን ለነጋዴ አያዳግትም። አባቶቻችን፣ «ታሞ ከመማቀቅ አስቀድሞ መጠንቀቅ» ያሉት ለዚህም ይሠራል።

ይሁን እንጂ ስለ ጤንነት የሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ትርፍ ያመጣል ማለት አይደለም። በአሜሪካ አገር በአንድ ትልቅ የችርቻሮ መደብር ድርጅት የተደረገ ጥናት በ2019 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ድርጅቱ 160 የሥራ ቦታዎችና 33,000 ያህል ሠራተኞች ነበሩት። በዕጣ በተመረጡ 20 የሥራ ቦታዎች ስለ አመጋገብ፣ ስለ ሰውነት እንቅስቃሴና ስለ ጭንቀት ትምህርት ተሰጠ። ከ18 ወር በኋላ ሠራተኞቹ የሰውነት እንቅስቃሴ አዘውትረናል ቢሉም፣ በሕክምና ወጪና ከሥራ በመቅረት ረገድ ትምህርቱን ካላገኙት ሠራተኞች ጋር ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። እኔ ከዚህ የምረዳው፣ ሠራተኛውን መምከር ብቻውን የማይበቃ መሆኑን ነው። የሚያደክመውን ሸክም፣ የሚታፈንበትን ክፍልና የሚያዳልጠውን ደረጃ ሳናስተካክል «ጤንነትህን ጠብቅ» ብንለው ቃላችን ከጆሮው አያልፍም።

እንግዲህ በአነስተኛ ገንዘብ ሊደረጉ የሚችሉት ነገሮች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ፤ ሸክምን ማቃለል። በ1967 እ.ኤ.አ. የወጣው የዓለም የሥራ ድርጅት የውሳኔ ሐሳብ አንድ ጐልማሳ ወንድ በእጁ የሚያነሣው ወይም የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ያሳስባል። ለውጭ አገር የሚላከው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ፣ የእህሉ ኩንታል ደግሞ 100 ኪሎ መሆኑን ስናስብ፣ በየመጋዘኑ ከልክ በላይ መሸከም የዕለት ልማድ ሆኖ እናገኘዋለን። የእጅ ጋሪ መግዛት፣ ኩንታሉን በሁለት ጆንያ ማካፈል፣ ወይም ለሁለት ሰው ማሸከም ይህን ያቃልላል።

2ኛ፤ የዘበኛውን ክፍል መመርመር። በእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ሌሊቱ ብርዳም ነው። ዘበኛው በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ ይተኛል። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው ጋዝ ሽታም መልክም ስለሌለው የተኛውን ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ወፍራም ካፖርትና ብርድ ልብስ መስጠት፣ አየር የሚያስገባ ቀዳዳም ማበጀት ነፍስ የማዳን ሥራ ነው፤ ከሰሉ ግን ከመኝታ ክፍል ይውጣ።

3ኛ፤ አቧራን መከላከል። በርበሬ፣ ዱቄትና ሲሚንቶ በሚራገፍበት ስፍራ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ይሰጥ፤ መስኮቱም ይከፈት። ለሥራው የሚያስፈልገውን መከላከያ ማቅረብ በሕግም የአሠሪው ግዴታ ነው።

4ኛ፤ ምርመራ። የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ምልክት ሳያሳዩ ይቆያሉ። በዓመት አንድ ቀን ሠራተኞችን አስመርምሮ ቀድሞ ማወቅ ከብዙ ወጪ ያድናል። ነገር ግን ማንም ያለ ፈቃዱ አይመርመር፤ የምርመራው ውጤትም የሠራተኛው ምስጢር እንጂ የአሠሪው አይደለም።

5ኛ፤ ዕረፍት። የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 እንዳይበልጥ፣ አንድ ዓመት ላገለገለ ሠራተኛም 16 የሥራ ቀን የዓመት ፈቃድ እንዲሰጥ አዋጁ ደንግጓል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ ክልክል ነው። በእንጦጦ ጫካ ልምምድ የሚያደርጉትን ሯጮች የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ያውቃል፤ ለውድድር የሚዘጋጅ ሯጭ የሚሮጥበትን ቀን እንደሚቈጥር ሁሉ የሚያርፍበትንም ቀን ይቈጥራል።

6ኛ፤ በጽሕፈት ቤት ያለነውንም አለመርሳት። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚጽፍ ሰው ወገቡና ዐይኑ ይደክማል። ቁመቱን ያገናዘበ ወንበር፣ በቂ ብርሃን፣ በየሰዓቱም ተነሥቶ ጥቂት መራመድ ይበጀዋል።

በመጨረሻ አንድ ትንሽ ምክር ልጨምር። ሐምሌ 1 ቀን አዲሱን የሒሳብ መዝገብ ስትከፍቱ አንድ ገጽ ለዚህ ጉዳይ ለዩ። ማን በምን ምክንያት ስንት ቀን እንደ ቀረ፣ ለሕክምና ምን ያህል እንደ ወጣ፣ ለመከላከያም ምን እንደ ተከፈለ በየወሩ ጻፉበት። ዓመቱ ሲፈጸም ገጹ ራሱ ይመሰክራል። ገንዘቡ ባይቈጠር እንኳ፣ አንድ ሰው በክረምት ቀን በደኅና ገብቶ በደኅና ወደ ልጆቹ ቢመለስ፣ ይህም ከትርፉ ይቈጠራል።