ከነጋሪት ጋዜጣ ባሻገር፦ የፓርላማ ክርክርን በድምፅ መዝገብ ስለ ማቆየት

መግቢያ

ዐፄ ምኒልክ በእንጦጦ ተራራ በነገሡበት ዘመን አዋጅ ለሕዝብ የሚደርሰው በነጋሪት ነበር። ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ የታተመው ነጋሪት ጋዜጣም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ከበሮ ነው። ጋዜጣው እንደ ከበሮው ሁሉ ያለቀለትን ውሳኔ ያሰማል፤ ከውሳኔው በፊት ማን ምን ብሎ እንደ ተከራከረ ግን አይነግርም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የድምፅ መዛግብት ለፓርላማ ታሪክ ያላቸውን ፋይዳና የአጠባበቃቸውን ቅደም ተከተል ማመልከት ነው።

ያልጸደቀው ረቂቅ

በ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት የተቋቋመው ፓርላማ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶች ነበሩት። የሕግ መምሪያ አባላት በሕዝብ መመረጥ የጀመሩት በ1957 እ.ኤ.አ. ነው። ለዚህ ፓርላማ ከቀረቡት ዐበይት ጉዳዮች አንዱ የባለ መሬትና የጭሰኛ ግንኙነት ነበር፤ በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ የተሰለፉት በዚሁ ምክንያት ነው። ረቂቁ ግን ሳይጸድቅ ፓርላማው በ1967 ዓ.ም. ፈረሰ፤ የገጠር መሬትም በዚያው ዓመት በአዋጅ ቁጥር 31/1967 የሕዝብ ሀብት ሆነ። ያልጸደቀ ረቂቅ እንደ ሕግ ስለማይታወጅ፣ ነጋሪት ጋዜጣን ብቻ የሚያገላብጥ ተመራማሪ ይህን የዓመታት ሙግት አያገኘውም። ምንጮቹ ቃለ ጉባኤ፣ የድምፅ ቅጂና የአባላቱ ትዝታ ናቸው። ቃለ ጉባኤም ቢሆን በጸሐፊው ብዕር የተጣራ ነው፤ ማመንታቱና ጭብጨባው የሚሰማው በድምፅ ቅጂ ብቻ ነው።

ክርና ካታሎግ

የቴፕ ክር ሁለት አደጋዎች አሉበት፤ በሙቀትና በእርጥበት ይበላሻል፣ ማጫወቻውና መለዋወጫውም ከገበያ እየጠፋ ነው። ዩኔስኮ በ2019 እ.ኤ.አ. ከዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበር ጋር ስለዚሁ አስጠንቅቋል። በ24 ቢትና በ96 ኪሎኸርዝ የተገለበጠ የአንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ ወደ 2 ጊጋባይት ያህል ብቻ ይይዛል። ስለዚህ ከማከማቻው ይልቅ የሚከብደው የባለሙያው ጊዜ ነው፦ የአንድ ሰዓት ክር ለመገልበጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይፈጃል። የስብሰባው ቀን፣ አጀንዳው፣ የተናጋሪው ስምና ንግግሩ የሚጀምርበት ደቂቃ ካልተመዘገበ ደግሞ የተገለበጠው ድምፅ ፈላጊ እንደሌለው ሣጥን ይሆናል።

ማጠቃለያ

በ1966 ዓ.ም. የሠላሳ ዓመት ወጣት የነበረ የምክር ቤት አባል ዛሬ ከሰማንያ ዓመት በላይ ነው። በመሆኑም የቃል ታሪክ ቅጂ ከሁሉ መቅደም ይገባዋል፤ ክር ጥቂት ዓመታት ሊታገሥ ይችላል፣ ዕድሜ ግን አይታገሥም። ለምሳሌ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ተማሪዎች በአካባቢያቸው የሚኖሩ የቀድሞ አባላትንና የምክር ቤት ጸሐፊዎችን በፈቃዳቸው ቢቀዱ፣ ቅጂውም በአዋጅ ቁጥር 179/1991 ኃላፊነት ለተሰጠው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ቢገባ፣ ሥራው በአነስተኛ ወጪ ሊጀመር ይችላል።