ባለቤቱ ሲታመም ሱቁ እንዳይታመም
ከድሬዳዋ ባቡር የሚገኝ የአስተዳደር ትምህርት

ድሬዳዋን የቆረቆራት ባቡር ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ደረሰ፤ ትልቁ የጥገና ጋራዥም እዚሁ ተተከለ። የሥራ ቋንቋው ፈረንሳይኛ ነበር፤ ወጣቱ ሙያውን የሚቀስመው ከአንጋፋው ጎን ቆሞ ነው። ዘዴው ጎበዝ ባለሙያ ያወጣል፤ ነገር ግን አንጋፋው ጡረታ ሲወጣ በጽሑፍ ያልሰፈረው ዕውቀት አብሮት ይሄዳል።

በአዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሌላ መንገድ ተሞከረ። መደበኛ አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ሲጀመር ሥራው በውል ለቻይና ኩባንያዎች ተሰጠ። ኢትዮጵያውያንና ጅቡቲያውያን ሠራተኞች በሥራ ላይ እየሠለጠኑ ቆዩ፤ እ.ኤ.አ. በ2024 የሁለቱ አገሮች የባቡር ኩባንያ ሥራውን ተረከበ። ቁም ነገሩ፣ ውሉ የጊዜ ገደብ የነበረው መሆኑ ነው።

ወደ ንግድ ቤታችን እንምጣ። የአቅራቢውን ዋጋ፣ የዱቤ ደንበኛውንና የትራንዚተሩን ሒሳብ የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሲታመም ሱቁም ይታመማል። ሠራተኛውም «ጋሼ ይምጡ» እያለ ገዥ መመለስ ይለምዳል። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ያልተሰጠውን ሥልጣን ቢጠቀም ተወቃሹ እሱ ነው።

ስለዚህ ዋጋና ዱቤ በመዝገብ ይስፈር። ምክትሉ ሳይጠይቅ እስከ ስንት ብር መወሰን እንደሚችል በጽሑፍ ይነገረው። እምነት ያለ ቁጥጥር ለኪሳራ ይዳርጋልና በየወሩ ዕቃ ይቆጠር። ከዚያ ባለቤቱ ለአንድ ሳምንት ዘወር ብሎ ይሞክረው። ገንዘቡን በሰው ድርጅት ላይ ለማዋል የሚያስብ ባለሀብትም ስለ ትርፉ ከመጠየቁ በፊት «ሥራ አስኪያጁ በሌለበት ማን ይወስናል?» ይበል።